ክራር፣ ማሲንቆ፣ ቦክስ ጊታር፦ በትናንሽ አሳታሚ የወጡ አልበሞችን በምን መንገድ ታገኛላችሁ?

የአራዳ ጆሮ

ሰላም ለሁላችሁ፣ እንደምን ሰነበታችሁ?

ስልኬ የሚያቀርብልኝ ዘፈን ሁሉ አንድ ዓይነት እየሆነብኝ መጥቷል። ነጠላ ዜማ ይለቀቃል። ታክሲ ውስጥ፣ ካፌ ውስጥ፣ ሰርግ ላይ ይሰማል። ብዙም ሳይቆይ ሌላ ይተካዋል። አልበም ቁጭ ብሎ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ መስማት እየቀረ ነው፤ ይሄ ደግሞ በጣም ያሳዝነኛል።

የምፈልገው ኦርጋንና የኮምፒውተር ከበሮ ያልተጫነበት ሥራ ነው። ክራር ከሆነ ክሩ ሲነካ የሚሰማበት። ጊታር ከሆነ ጣት ክሩ ላይ ሲንሸራተት የሚሰማበት። ባለሙያው በራሱ ያወጣው ወይም አንድ ትንሽ አሳታሚ ወዶት ያሳተመው ቢሆን ደስ ይለኛል። የኛም ይሁን የውጭ፣ ለውጥ የለውም።

የምሠራው አምባሳደር አካባቢ ነው። ድሮ ከሥራ ስወጣ ወደ ፒያሳ ብቅ ብዬ ሙዚቃ ቤቶቹን እዞር ነበር። አሁን ሰፈሩም ተለውጧል፣ ሙዚቃ ቤቶቹም አብዛኞቹ የሉም። እናንተ አዲስ ነገር የምታገኙት እንዴት ነው? የአልበም ስም ብቻ ሳይሆን መንገዱንም ንገሩኝ።

ቦክስ ጊታር

አዲስ አኩስቲክ ፕሮጀክት። «ትውስታ» የሚለውን አልበም ስማ። ሌላው ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ሽፋን አንባቢ

ቦክስ ጊታር ጥሩ ቦታ ነው ያስጀመረህ። ግን አልበሙን ሰምተህ ብቻ እንዳታልፈው።

የኔ መንገድ አንድ ነው። ዘፋኙን ትቼ አጃቢውን እከተላለሁ።

እኛ አገር ሽፋን ላይ በትልቁ የሚጻፈው የዘፋኙ ስም ነው። ማሲንቆ የመታው ሰው ጥግ ላይ በደቃቅ ፊደል ይቀመጣል። ጭራሽ የማይጻፍበትም ጊዜ አለ። ለአንተ ዓይነቱ ጆሮ ግን መንገድ የሚያሳየው ያ ደቃቅ ፊደል ነው። ዘፋኝን ገበያ ይመራዋል። ዘንድሮ በክራር፣ ለከርሞ በኦርጋን ሊሠራ ይችላል። ማሲንቆ ተጫዋች ግን የትም ቢሄድ ማሲንቆውን ይዞ ነው የሚሄደው።

እስቲ በአዲስ አኩስቲክ እንየው። ቡድኑን እ.ኤ.አ. በ2008 ያቋቋመው ጊታሪስቱ ግሩም መዝሙር ነው። በ1950ዎቹና በ60ዎቹ ይሰሙ የነበሩ ዘፈኖችን በማንዶሊን፣ በአኮርዲዮን፣ በክላርኔትና በኮንትራባስ መልሶ ለመጫወት ነበር ሐሳቡ። ማንዶሊኑን የያዙት አንጋፋው አየለ ማሞ ናቸው። ባሱ ላይ ሄኖክ ተመስገን፣ ክላርኔቱ ላይ ዳዊት ፍሬው፣ ከበሮው ላይ ምሳሌ ለገሠ አሉ።

አሁን የምሳሌን ስም ያዝና ሂድ። ቋንቋ የሚባለው ባንድ ውስጥ ታገኘዋለህ። ቋንቋን ያቋቋመችው አዲስ አበባ የኖረችው አሜሪካዊት ቫዮሊኒስት ኬቴ ሆስቴተር ናት። ማሲንቆው የእንድሪስ ሐሰን ነው፣ ድምፁ የሰላምነሽ ዘመነ። ሦስተኛው አልበማቸው እ.ኤ.አ. በ2020 ወጥቷል። ቫዮሊኑና ባስ ክራሩ በኤሌክትሪክ ስለሆኑ ንጹሕ አኩስቲክ አይደለም። ቢሆንም እንድሪስ ብቻውን የሚጀምርባቸውን ቦታዎች ስማቸው። አንድ ክር ነው ያለው፣ እሱም የፈረስ ጭራ ነው። በዚያች አንድ ክር ሰውየው ይለምናል፣ ይቆጣል፣ ያስቃል።

ከእንድሪስ ደግሞ ወደ መላኩ በላይ ባንድ፣ ወደ ኢትዮከለር ትሻገራለህ። በሰላምነሽ በኩል ከሄድክ ከፈረንሳይ ብሪታኒ ከመጡት ባዱምስ ባንድ ጋር የሠራችውን ታገኛለህ። በአንድ አልበም ጀምረህ አራት ቤት አንኳኳህ ማለት ነው። ስልክህ ይህን አያደርግልህም። እሱ የሚያውቀው ሌላው ሰው ምን እንደሰማ ብቻ ነው።

ስሞቹን ለማግኘት ዲስኮግስ የሚባለውን ድረ ገጽ ተጠቀም። የተጫዋቹን ስም ስትነካ የተሳተፈባቸውን ሥራዎች ይዘረዝርልሃል። የኛ አገር ካሴቶች ሁሉ ባይገቡበትም ወደ ውጭ የወጡት በብዛት አሉ።

ክራሬ

ሽፋን አንባቢ፣ እጅህ ይባረክ! ክራር የምማር ሰው ነኝና ይሄ ነገር ልቤን ነክቶታል። አጃቢ ሁሌም የሚረሳ ሰው ነው።

እኔ አስናቀች ወርቁን ልጨምር። ኢትዮፒክ በሚባለው የኢትዮጵያ ሙዚቃ አልበሞች ተከታታይ ቁጥር 16 የሳቸው ነው። ክራርና የሴት ድምፅ። አዲስ ሰው ሲሰማው መጀመሪያ የሚይዘው ድምፃቸው ነው። ሁለተኛ ጊዜ ስትሰሚው ግን ክራሩን ብቻ ለይተሽ ተከተዪው። ድምፃቸው ሲያርፍ ክራሩ ይመልሳል። አንዳንዴ ዜማውን ቀድሞ ይነግርሻል፣ አንዳንዴ እሳቸው የተዉትን ቃል እሱ ይጨርሰዋል። እኔ ክራር ለመማር የቆረጥኩት በዚህ ምክንያት ነው።

እንዴት እንደሚመታም ማወቅ ጆሮ ይከፍታል። በግርፍ ሲመታ ቀኝ እጅ ክሮቹን ባንድ ላይ ይገርፋል፤ ግራ እጅ መሰማት የሌለባቸውን ክሮች አፍኖ ይይዛል። የምትሰሚው ያልታፈኑትን ነው። በድርደራ ሲሆን ደግሞ እያንዳንዱ ክር በየተራ በጣት ይነካል። የካሳ ተሰማን ክራርና የአስናቀችን ክራር አጠገብ ለአጠገብ አድርጋችሁ ስሙ። ያው መሣሪያ ነው፣ ሁለት ሌላ ሰው ነው።

ጋሽ ካሴት

ልጆች፣ ጨዋታችሁ ደስ ይላል። አንድ ሁለት ነገር ከታሪኩ ልጨምርላችሁ።

የኢትዮጵያ ሙዚቃ መጀመሪያ በሸክላ የተቀረጸው እ.ኤ.አ. በ1908 በርሊን ውስጥ ነው። የዘፈኑት ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ናቸው። ጀርመን የሄዱት ስለ መኪና እንዲማሩ ነበር፣ ዘፈናቸውን አስቀርጸው ተመለሱ። አንድ ሰው፣ አንድ ማሲንቆ። እንግዲህ የምትፈልጉት ዓይነት ሙዚቃ ከዚያ ጀምሮ አለ ማለት ነው። ኢትዮፒክ ቁጥር 27 ላይ ተሰብስቦ ወጥቷል። ሸክላው እርጅና ስላለበት ይንጫጫል፣ ታግሣችሁ ስሙት። ግጥማቸው የሚታገሡለት ነው።

ሁለተኛው ስለ ግል አሳታሚ ነው። በጃንሆይ ዘመን ሸክላ የማሳተም ፈቃድ የተሰጠው ለሀገር ፍቅር ቴአትር ብቻ ነበር። ያንን ሰብሮ እ.ኤ.አ. በ1969 በራሱ ስም ማሳተም የጀመረው አምሃ እሸቴ ነው። ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ያለ ወጣት ነበር። እዚህ ማተሚያ ስላልነበረ ቅጂውን ሕንድ ልኮ ነው ሸክላውን ያሳተመው። ሊታሰር እንደሚችል እያወቀ ነው የገባበት። ዛሬ አንድ ልጅ ክራሩን በራሱ ገንዘብ ቀርጾ ሲያወጣ እኔ አምሃ ነው ትዝ የሚለኝ። አምሃ ያሳተመው አብዛኛው የባንድ ሙዚቃ ነው፣ ቢሆንም በሩን የከፈተው እሱ ነው።

ካሴት ቤት ውስጥ ያላችሁ አትጣሉ። ቢያንስ ሽፋኑን ፎቶ አንሡና አስቀምጡ። ሽፋን አንባቢ የሚላቸው ስሞች ብዙዎቹ ሌላ ቦታ አልተጻፉም።

የአራዳ ጆሮ

ጋሼ፣ በጣም አመሰግናለሁ። የነጋድራስ ተሰማን ዛሬውኑ እፈልጋለሁ።

«ትውስታ»ን ትናንት ማታ መብራት አጥፍቼ ሰማሁት። ማንዶሊኑና አኮርዲዮኑ እየተቀባበሉ ሲሄዱ ያለው ነገር ሌላ ነው። ይሄ ሁሉ ዓመት እንዴት አመለጠኝ!

ባለ በገና

ስለ በገና እስካሁን ማንም አላነሣም። አለሙ አጋ፣ ኢትዮፒክ ቁጥር 11።

አንድ ሰው፣ አሥር ክር። ከዚያ ውጪ ምንም የለበትም። በገና ዝዝዝ የሚል ድምፅ አለው። ለአንዳንድ ሰው ድምፅ ማጉያው የተበላሸ ይመስለዋል። አልተበላሸም። ክሩ መሣሪያው ላይ በሚያርፍበት ቦታ ትንሽ ቁራጭ ቆዳ ትገባለች፣ እንዚራ ትባላለች። ክሩ ሲርገበገብ እሷን እየነካካ ነው ያንን ድምፅ የሚያወጣው። ደርዳሪው ቆዳዋን በጣም በጥቂቱ ወዲህ ወዲያ እያደረገ እስኪጥመው ያስተካክላታል።

አለሙ አጋ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት በገና ያስተምሩ ነበር። በደርግ ጊዜ በገና ከሬዲዮ ጠፋ፣ ትምህርቱም ተቋረጠ። ዛሬ በዐቢይ ጾም በየቤቱ በገና ሲሰማ እንደ ቀላል የምናየው ነገር በእነዚህ ሰዎች ትዕግሥት የቆየ ነው።

እባካችሁ በስልክ ድምፅ ማጉያ አትስሙት። የበገና ድምፅ ወፍራም ነው፣ ስልክ ታችኛውን ግማሽ ይበላዋል። ርካሽም ብትሆን ማዳመጫ ጆሯችሁ ላይ አድርጉ።

ስድስት ኪሎ

እኔ ትንሽ ለየት ያለ ሐሳብ አለኝ። አልበም አልበም ስንል ሰውየውን እየረሳነው ነው። አዝማሪ አልበም ውስጥ ግማሹ ብቻ ነው ያለው። ሌላው ግማሽ ከፊቱ የተቀመጠው ሰው ነው። ያንተን ሸሚዝ አይቶ ይገጥማል፣ አንተ ግጥም ትቀበለዋለህ፣ መልሶ ይገጥምልሃል። ያ በምንም ዓይነት ማይክ አይቀረጽም።

እ.ኤ.አ. በ2024 ካዛንቺስ ሲፈርስ ፈንዲቃ የሚባለው የአዝማሪ ቤት የነበረበት ቦታም አብሮ ሄደ። ከዚያ በፊት ጣይቱ ሆቴል ውስጥ የነበረው የጃዝ ክለብ ጃዝአምባ በጥር 2007 ዓ.ም. በእሳት ወደመ። በአንድ አዳራሽ መጥፋት ስንት ሳይቀረጽ የሚቀር ሙዚቃ እንዳለ አስቡት። ለዚህ ነው አሁን ያሉትን መድረኮች ሳንሰንፍ መሄድ ያለብን። ፒያሳ የፈረንሳዮቹ የባህል ማዕከል አሊያንስ አለ፣ ስድስት ኪሎ የጀርመኖቹ ጎተ አለ። ሁለቱም ጋ በየጊዜው አኩስቲክ ዝግጅት ይኖራል። በራፉ ላይ የሚለጠፈውን ማስታወቂያ ማየት ነው።

መሣሪያዎቹን በቅርበት ማየት የፈለገ ደግሞ ስድስት ኪሎ ግቢ የቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ ያለውን ሙዚየም ይጎብኝ። የሙዚቃ መሣሪያዎች ክፍል አለው።

ሽፋን አንባቢ

ስድስት ኪሎ፣ ስለ አዝማሪው ያልከው እውነት ነው፤ በሱ አንጣላም። ግን አልበሙም ባይኖር ክራሬ አስናቀችን ከየት ታገኛቸው ነበር? አስናቀች እ.ኤ.አ. በ2011 ነው ያረፉት። እኔ ሁለቱንም እፈልጋለሁ። መድረክ ላይ ያየኸውን ተጫዋች ስሙን ጠይቀህ ጻፍ። ዝግጅቱ ሲያልቅ ሁሉም ወደ ዘፋኙ ይሮጣል፣ ማሲንቆ ተጫዋቹ ዕቃውን እያሰረ ብቻውን ይቀራል። ሄደህ «ሌላ የት ተጫውተሃል?» በለው። ከየትኛውም ድረ ገጽ የተሻለ መልስ እሱ ጋ አለ።

ከሜሪላንድ

ከዚህ ከዲሲ አካባቢ ሆኜ እናንተን ማንበብ ምንኛ ደስ ይላል።

ኃይሉ መርጊያን አትርሱት። በ1985 እ.ኤ.አ. እዚህ ዋሽንግተን ስቱዲዮ ገብቶ ብቻውን ያወጣው ካሴት አለ። አኮርዲዮን ከኤሌክትሪክ መሣሪያዎች ጋር ነው። የኮምፒውተር ከበሮ ስላለበት የአራዳ ጆሮ ቅር ይልህ ይሆናል። ግን አንድ ሰው ብቻውን ከአገሩ ርቆ የልጅነቱን አኮርዲዮን ይዞ ሲጫወት ምን እንደሚመስል ስማው። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመት እዚህ ታክሲ ሲነዳ ኖሯል። አንድ የድሮ ካሴት የሚሰበስብ አሜሪካዊ ካሴቱን ባሕር ዳር አግኝቶ፣ ባለቤቱን ፈልጎ፣ በ2013 አስፈቅዶ እንደገና አሳተመው። ኃይሉ ወደ መድረክ ተመለሰ። ካሴት አትጣሉ የሚሉት ጋሽ ካሴት ይህን ነው የሚሉት።

የምገዛው ባንድካምፕ የሚባለው የሙዚቃ መሸጫ ድረ ገጽ ላይ ነው። ከዲጂታል ሽያጭ ባብዛኛው 15 በመቶ እነሱ ይወስዳሉ፤ የክፍያ ወጪ ተቀንሶ የቀረው ለባለሙያው ወይም ለአሳታሚው ነው። ከ2020 ወዲህ ደግሞ የራሳቸውን ድርሻ የሚተዉባቸው አርቦች አሉ። እኔ ግዢዬን ለነዚያ ቀናት ነው የማቆየው። ሌላው ጥቅሙ፣ አንድ አልበም ስትከፍቱ ከሥር የገዙት ሰዎች ይታያሉ። አንዱን ነክታችሁ የሱን ስብስብ ማየት ትችላላችሁ። ጥሩ ጆሮ ያለው አንድ እንግዳ ሰው ካገኛችሁ ለወራት የሚበቃ ሙዚቃ አገኛችሁ።

ቦክስ ጊታር

ከሜሪላንድ፣ መንገዱ አሪፍ ነው። ግን እዚህ ላለነው ዋናው ችግር መክፈሉ ነው። ብዙዎቻችን የውጭ ክፍያ የሚቀበል ካርድ የለንም። እኔ ውጭ ያለች እህቴ ትገዛልኛለች፣ እኔ ደግሞ እዚህ ለእናታችን ብሩን እሰጣለሁ። በብር መክፈል ለሚፈልግ አውታርና ሰዋሰው የሚባሉ የሙዚቃ መተግበሪያዎች አሉ። እዚያ የፊት ገጹን አልፋችሁ ባህላዊ የሚለውን ፈልጉ።

ከውጭ ያለኝን ልበል። ባላኬ ሲሶኮና ቫንሳን ሴጋል። ኮራ የሚባለው የምዕራብ አፍሪካ ባለ ክር መሣሪያና ቼሎ። እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጡት «የሌሊት ሙዚቃ» የተባለው አልበማቸው ከፊሉ የተቀረጸው ባማኮ፣ ሲሶኮ ቤት ጣሪያ ላይ ነው። የከተማው ድምፅ ከሙዚቃው ጋር አብሮ ገብቷል። ሁለት ሰዎች ሲደማመጡ እንዲህ ነው።

ክራሬ

አዩብ ኦጋዳ! ኬንያዊ ነበር፣ የሉኦ ሰው። ይጫወት የነበረው ኛቲቲ ነው፣ የክራር ዘመድ፣ ስምንት ክር ያለው። ለንደን ምድር ባቡር ጣቢያ ውስጥ እየተጫወተ ሳንቲም ይሰበስብ የነበረ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 ሪል ወርልድ የሚባለው አሳታሚ አልበሙን አወጣለት። ክራር የለመደ ጆሮ ወዲያው ይገባዋል። እኔ እሱን ሰምቼ ክራሬን በሱ መንገድ ለመምታት ስንት ጊዜ ሞከርኩ።

እማሆይ ጽጌ ማርያምንም ያላነሣን ይገርማል። ፒያኖአቸውን ብዙ ሰው ያውቀዋል፣ ኢትዮፒክ ቁጥር 21። እሳቸው ካረፉ በኋላ በ2024 የወጣው ግን በድምፃቸው የዘመሩበት ነው። በደርግ ዘመን ቤታቸው ቁጭ ብለው በካሴት የቀረጹት። የመስኮቱ ውጭ ወፎች ይሰማሉ። የፒያኖው ወንበር ሲንቋቋ ይሰማል። የመቅጃውን ቁልፍ ሲጫኑት እንኳ ይሰማል። አገር ጥሎ መሄድን፣ መለየትን ነው የሚያዜሙት። እንደዚያ ዓይነት ሥራ ስቱዲዮ ገብቶ ማንም አይሠራውም።

ቦክስ ጊታር

እሱን ከወደድሽ ሲቢል ባየርን ስሚ። ጀርመናዊት ናት። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ቤቷ ውስጥ በቴፕ ቀርጻ አስቀመጠችው። ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆይቶ ልጇ አውጥቶ ለሰው አሰማው፣ በ2006 ታተመ። ጊታርና ድምፅ ብቻ ነው ማለት ይቻላል።

የአራዳ ጆሮ

ወገን፣ የምሰማው ነገር ለዓመት ሞላልኝ። እግዜር ይስጥልኝ። አንድ ጥያቄ ግን አለ። የነጋድራስ ተሰማን ስፈልግ ምንም አልመጣልኝም። የካሳ ተሰማም እንዲሁ አንዱ ሲገኝ አንዱ ይጠፋል። እናንተ ምን ብላችሁ ነው የምትጽፉት?

ሽፋን አንባቢ

በላቲን ፊደል ሲጻፍ እያንዳንዱ አሳታሚ በራሱ መንገድ ነው የሚጽፈው። ኢትዮፒክን የሚያሳትሙት ፈረንሳዮች ናቸው፣ «ቀ»ን በኪው ይጽፋሉ፣ ፊደሎቹ ላይም ጭረት ያደርጋሉ። አሜሪካኖቹ በኬ ነው። ስለዚህ አስናቀችን በሁለቱም ሞክር። በአማርኛ ስትፈልግ ደግሞ ኃይሉን በኃ፣ በሀ፣ በሐ ጻፈው። ዩቲዩብ ላይ ካሴት የሚጭኑ ሰዎች እንደመጣላቸው ነው የሚጽፉት። ለነጋድራስ ተሰማ ስሙን ተወውና የተከታታዩን ስም ከቁጥር 27 ጋር ጻፍ።

የድሮ የመስክ ቅጂዎችን ለሚወድም አንድ ጥቆማ ልስጥ። ፎክዌይስ የሚባለው የአሜሪካ አሳታሚ እ.ኤ.አ. በ1951 የሃሮልድ ኩርላንደርን የኢትዮጵያ ቅጂዎች አሳትሟል። ኩባንያው ዛሬ በስሚዝሶኒያን ሥር ነው፣ ድረ ገጹ ላይ የአልበሙ ማብራሪያ ጽሑፍ በነጻ ይወርዳል። ሙዚቃውን ከመስማትህ በፊት ጽሑፉን አንብብ። የትኛው መሣሪያ ምን እንደሆነ ይነግርሃል።

የአራዳ ጆሮ

በቁጥሩ ወዲያው መጣ! ጋሼ፣ ይንጫጫል ያሉት እውነት ነው። ግን ድምፃቸው ጥርት ብሎ ነው የሚሰማው።

እንድሪስ ሐሰንንም ዲስኮግስ ላይ ገባሁበት። ከሱ ቀጥሎ ማንን ልከተል? ክራር ተጫዋች ቢሆን እመርጣለሁ።

ክራሬ

ፋሲካ ኃይሉን። ከዘፋኟ ጋብሪኤላ ጌርማንዲ ባንድ፣ ከአፄ ቴዎድሮስ ፕሮጀክት ጀምር፣ እንድሪስም እዚያው አለ።